ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ፤ ስለ ጾም ማዕድና ለሰውነት ስለማይስማማ ምግብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ የሸዋን ደጋና ቆላ በአንድ ቀን የሚያሳይ መንገድ ነው። በ130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይገኛል ፤ ከዚያ በኋላ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል ፤ ዋሻውን ካለፉ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል ፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱም ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ማለዳ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ከቀትር በኋላ ኮቱን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ አገር ታሪክ ብዙ ተጽፏል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰማይ የታየውን ብርሃን ምልክት አድርገው ደብረ ብርሃንን እንደ ቈረቈሩ ፥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን መልእክተኞች በአንኮበር እንደ ተቀበሉ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከአዳራሹ ይልቅ ወደ ማድ ቤቱ ገብተን ያየነውንና የሰማነውን ለመናገር አሰብን። ምክንያቱም ሰው ሁሉ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚፈርድበትና የሚፈረድበት ስፍራ ማዕድ ሆኖ ሳለ ስለ እርሱ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

የተጓዝነው በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ፥ በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። ይህ ወራት ለጕዳያችን የተመቸ ነው። ጾሙ 55 ቀን ስለሚሆን በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥጋ ፥ ወተት ፥ ቅቤና ዕንቍላል ከቤት ይርቃሉ ፤ ባለቤቲቱም በእህል ፥ በጥራጥሬና በቅባት እህል ብቻ ቤቷን ታስተዳድራለች። ስለዚህ በጾም የሚጓዝ ሰው አገሩ የሚያበቅለውን ነገር ሌላ ሳይጨመርበት ይቀምሰዋል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው በእነዚህ ሳምንታት ዕረፍት ያገኛል። ዳሩ ግን ሰሊጥ ፥ ኦቾሎኒና ተልባ በየገበታው የሚበዙት በዚሁ ጊዜ ነውና እነዚህ ለማይስማሙት ሰው ደግሞ የጭንቀት ወራት ይሆንበታል።

አብረውን የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በዕድሜ የሸመገሉ ዳኛ ሲሆኑ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አለባቸው። ሁለተኛው መኪናውን የሚነዳው ጐልማሳ ነው ፤ እርሱ ጨጓራውን የሚያመው ከመሆኑም በላይ ጎመን የሚባል ነገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይወድም። ጎመን አለመውደድ ሕመም አይደለም። ነገር ግን የማይወደውም ፥ የማይስማማውም ፥ ሐኪም የከለከለውም በሰው ማዕድ ላይ እኩል «ይቅርብኝ» ሲሉ ፥ የቤቱ ባለቤት የትኛው ምርጫ የትኛው ሕመም እንደ ሆነ በምን ታውቃለች? የብዙ ቤት ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው። የእኛ አገር ሰው እንግዳውን «በሞቴ!» ብሎ ሲያጐርስ ፍቅሩን መግለጡ ነውና እምቢ ያለው እንግዳ ፍቅሩን እንደ መለሰበት ይቈጥረዋል።

በደብረ ብርሃን ያሳደሩን እሜቴ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ፥ ቤታቸውን በሥርዓት የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። ደብረ ብርሃን ብርዳም አገር ነው ፤ የአገሩም ንጉሥ ገብስ ነው። ገብሱ ተቈልቶ ቆሎ ይሆናል ፥ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል ፥ ተከክቶ ቅንጬ ይሆናል ፥ ገንፎና እንጀራም ይሆናል ፥ በመጨረሻም ጠላ ይሆናል። በፍስክ ጊዜ በሶው በቅቤ ታሽቶ ጩኮ ሲሆን ለረጅም መንገድ የሚሆን ስንቅ ነው። እኛ በደረስንበት ምሽት ግን የቀረበልን የምስር አልጫ ፥ ሽሮ ፥ ድንችና የሱፍ ፍትፍት ነበረ። ከምግቡ በፊት እሜቴ እጃችንን እያስታጠቡ በየተራ «የኔ ጌታ ፥ የማይስማማዎ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁን። ይህን ጥያቄ በሌላ ቤት ሰምተን ስለማናውቅ ተደነቅን። ምክንያቱን ኋላ እንነግራለን።

ስለ አበሳሰሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን ያገባች ሙሽራ በመጀመሪያው ዓመት ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ ያስለቅሳታል ይባላል። ነገሩ የሙሽራይቱ ስንፍና አይደለም። አገር ከፍ ባለ ቍጥር የአየሩ ክብደት ይቀንሳል ፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በደብረ ብርሃን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል። ድስቱ እየተንተከተከ ቢታይም ሙቀቱ ከቆላው ድስት ያነሰ ነው። እንግዲህ በቆላ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ጥራጥሬ በደጋ እጅግ ይዘገያል ፤ እንጨት ለመቈጠብ ብሎ ቶሎ ያወጣው ሰው ጥሬውን ይበላና ሌሊቱን ሆዱ ሲያጕረመርም ያድራል። እሜቴ ሽምብራውንና ባቄላውን ከዋዜማው ዘፍዝፈው ፥ የዘፈዘፉበትንም ውኃ ደፍተው ፥ በአዲስ ውኃ ይቀቅላሉ። ሆድን የሚነፋው የጥራጥሬ ስኳር በከፊል ከተደፋው ውኃ ጋር ስለሚሄድ ይህ ሥርዓት ሁለት ጥቅም አለው።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው ምክንያት እንመለስ። በቤቱ ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አለች ፤ የእሜቴ የልጅ ልጅ ናት። ይህች ልጅ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለች በጾም ወራት ወደ ጎረቤት ሄዳ ስትመለስ ከንፈሯ አብጦ ፥ ሰውነቷም ሁሉ ሳማ እንደ ለበለበው ሆኖ ተገኘች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቡዳ በላት አለ። ሥርና ቅጠል ታጠነችና ከጥቂት ሰዓት በኋላ እብጠቱ ጐደለ ፤ የዳነችው በጢሱ ነው ተባለ። በሁለተኛው ዓመት በጾም ጊዜ እንዲሁ ሆነ ፤ እንዲሁም ታጥና ዳነች። እንዲህ ያለው የሰውነት ቍጣ ቀላል የሆነ እንደ ሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በራሱ የሚበርድ ስለሆነ ጢሱም ፥ ክታቡም ፥ የአሮጊት ምራቅም በተራቸው ይመሰገናሉ። ሦስተኛው ጊዜ ግን አልበረደም። ልጅቱ ታስል ጀመር ፥ ትንፋሿም ሲር ሲር አለ ፥ ከንፈሯም ጠቈረ። እሜቴ የሚያጥኑትን ሰዎች ትተው ልጅቱን አቅፈው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ ፤ በመርፌ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ እሜቴ እንደ ዳኛ መረመሩ። በግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ልጅቱ ያሳከካትን ቀን ሁሉ ምልክት እያደረጉ ፥ በዚያ ቀን የበላችውንም እያስታወሱ ጻፉ። ሕመሙ በፍስክ ጊዜ አልመጣም ፤ በገዛ ቤታቸውም አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣም። በመጣበት ቀን ሁሉ ልጅቱ በሰው ቤት የሰሊጥ ፍትፍት ወይም ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ቀምሳ ነበር። በእርሳቸው ቤት ከጥንት ጀምሮ ሱፍ እንጂ ሰሊጥ አይሠራም ነበረ። ጽሑፉን ይዘው ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ ሐኪሙ ካነበበ በኋላ መርምሮ ሐሳባቸውን አጸና። ነገሩ አለርጂ ይባላል ፤ ይኸውም ሰውነት ጠላት ያልሆነውን ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው ፥ በውጊያውም ራሱን ሲጐዳ ነው። ሰሊጥ በመላው ዓለም እንዲህ ያለ ቍጣ ከሚያስነሡት ምግቦች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል ፤ ኦቾሎኒ ፥ ዕንቍላል ፥ የላም ወተት ፥ ስንዴ ፥ ዓሣና አኵሪ አተርም ከእርሱ ጋር ይጠራሉ።

እሜቴ ይህን ካወቁ በኋላ ማድ ቤታቸውን እንደ አዲስ ሠሩት ማለት ይቻላል። ሙቀጫቸውን አያውሱም ፥ አይዋሱምም ፤ ሰሊጥ የተወቀጠበት ሙቀጫ ቢታጠብም በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ቅባቱ ይቀራልና። ምጣዳቸውን የሚያሰሱት ራሳቸው መርጠው በገዙት ጎመን ዘር ነው። የኑግ ዘይት ሰሊጥም በሚጨመቅበት መጭመቂያ ከወጣ አይገዙም። ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የመጀመሪያ ተራ ይይዛሉ ፤ ከበርበሬያቸውም በፊት አንድ ቁና ገብስ አስፈጭተው ወፍጮውን ያጠራሉ ፤ ያ ዱቄት ለዶሮ ይሰጣል። የወፍጮ ቤቱ ሰው በመጀመሪያ ይሥቅባቸው ነበር ፤ አሁን ግን ራሱ ቁናውን ያቀብላቸዋል አሉን።

ሰሊጡ የቀረበት ማዕድም ምንም አልጐደለበትም። ሱፉ ታምሶ ፥ ተወቅጦ ፥ በውኃ ተበጥብጦ በወንፊት ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል ፤ ጥቂት ጨው ፥ ቃሪያና ነጭ ሽንኵርት ገብቶበት እንጀራ ሲፈተፈትበት በጾም ቀን ልብን የሚያቀዘቅዝ ምግብ ነው። እኛ ሁለት ጊዜ አስጨምረናል።

ከማድ ቤቱ ይልቅ የከበዳቸው ግን የጎረቤት ነገር ነበር። በማኅበር ቀን አንዲት ወዳጃቸው ልጅቱን ልታጐርስ እጇን ስትዘረጋ እሜቴ እጇን ያዙ። ሴቲቱ «እኔ መርዝ አበላለሁ?» ብላ አለቀሰች። እሜቴም «እርስዎ አያበሉም ፥ ሰሊጡ ነው እንጂ» ቢሉም ነገሩ አልበረደም ፤ ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ ሰላምታ እየተነፋፈጉ ኖሩ። አንድ ጕርሻ ያጣላል የሚባለው ለዚህ ቀን የተነገረ ይመስላል። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ተነሥተው ፥ ይህች ሕፃን ሰሊጥ ከቀመሰች ልትሞት እንደምትችል ፥ እርሷን በግድ ማጉረስም ቸርነት እንዳልሆነ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ በግልጥ ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ወደ ማኅበር ስትሄድ የራሷን ትንሽ አገልግል ይዛ ትሄዳለች። ሰው ሊያጐርሳት ሲል እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «እጅዎን ልሳም ፥ አስቀድሜ አያቴን ልጠይቅ» እንድትል ተምራለች። ያቺ የተቀየመች ሴት ዛሬ በቤቷ ማዕድ ሰሊጥ መኖሩን አስቀድማ በልጇ ትልካለች። እኛ በብዙ ክርክር መዝገብ ውስጥ ከዚህ ባነሰ ነገር የተበተነ ቤተ ዘመድ ስላየን የእኒህን ካህን ሥራ ሳናመሰግን ማለፍ አልወደድንም።

ለቤተ ሰብ አሳዳሪዎች እንዲረዳ ሐኪሙ ለእሜቴ የሰጣቸውን ምክር እንጽፋለን። ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ሲሆን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሰጥቶ መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን ምላስ ወይም ጕሮሮ ሲያብጥ ፥ ትንፋሽ ሲያጥር ፥ ድምፅ ሲጐረንን ፥ ሰውነት ሲዝል ወይም ራስ ሲዞር ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው ፤ የዚህ መድኃኒት አድሬናሊን የተባለው መርፌ ነው ፥ ጊዜም አይሰጥም። ልጁ ድኖ እንደ ሆነ ለማወቅ ብሎ በቤት ጥቂት ማቅመስም የተከለከለ ነው ፤ እንዲህ ያለ ፈተና በሐኪም ፊት እንጂ በአያት ጕልበት ላይ አይደረግም።

በማግሥቱ ከደብረ ብርሃን ወጥተን ቍርስ ለመብላት በመንገድ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ገባን። በዚያ የተቀመጠ አንድ መንገደኛ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ እንደ ሆነ አሳላፊውን ሦስት ጊዜ ሲጠይቅ ሰማን። አሳላፊው ሦስት ጊዜም ንጹሕ ነው አለ ፤ እንጀራው ሲመጣ ግን ገብስ እንደ ተደባለቀበት መልኩ ይመሰክር ነበር። ሰውዬው ሳይበላ ተነሣ። ብዙ ሰው አቅማጣ ነው ብሎ ሣቀበት። እንዲህ ያለ ሰው የሆድ ዕቃውን የሚያቈስል ሕመም ያለበት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ጥቂት ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ ፤ ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የአንጀቱ ሽፋን ይጐዳል ፥ ያስቀምጠዋል ፥ ይከሳል ፥ ደሙም ያንሳል። ጤፍ ከዚህ ነገር ነጻ ነው ፤ ማሽላ ፥ በቈሎና ሩዝም እንደዚሁ። ስለዚህ የደጋው ንጉሥ ያልነው ገብስ ለዚህ ሰው ጠላቱ ነው ፤ ሲያዩት ድሀ የሚመስለው የቆላ ማሽላ ግን ያኖረዋል። ዋጋ ለመቀነስ እህል መደባለቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። ተጠይቆ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም ሸፍኖን ነበር። ዋሻውን አልፈን ስንወጣ ቆላው ከእግራችን በታች ተዘርግቶ ታየ። ደብረ ሲና ስንደርስ እንደ ልማዱ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። የደብረ ሲና ቆሎ ዝናው በመንገደኛ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው ፤ ገብሱ ተፈትጎ ይቈላል ፥ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር ይደባለቃል ፥ ኦቾሎኒም ይገባበታል። አንድ ስፍር ተገዝቶ በመኪና ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ኦቾሎኒውን ለቅሞ ገብሱን ልብላ ቢል አይሆንለትም ፤ ቅባቱና ብናኙ በሁሉ ላይ ተለጥፏልና። ደግሞ ኦቾሎኒ የሚያስቈጣው ሰውነት አብሽንም ሊቈጣ እንደሚችል ማወቅ ይገባል ፤ ሁለቱም ከአንድ የእህል ወገን ናቸው። አንዲት ቆሎ ሻጭ ገብሱን ብቻ ለይታ በሌላ ዕቃ ይዛ አየንና ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅናት። «ጥርስ የሌላቸውና ኦቾሎኒ የሚያማቸው ደንበኞች አሉኝ ፥ ጋሼ» አለችን። ጥርስ ለሌለው ገብስ ምን እንደሚረባው ባይገባንም ገዛናት።

ነጂያችን ግን ቆሎም አልቈረጠመም ፤ ጨጓራው ተነሥቶበት ነበር። ባለፈው ማታ ሽሮውን ሲፈራ የምስር አልጫ ብቻ በልቶ ነበርና ለምን እንደ ታመመ ገረመው። የጨጓራ ነገር በአገራችን ሁሉ በበርበሬና በሽሮ ይሳበባል። በርበሬ ቍስሉን መቈጥቈጡ እውነት ነው ፤ ነገር ግን የብዙውን ሰው ጨጓራ የሚያቈስለው በዓይን የማትታይ ረቂቅ ነፍሳት ናት። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች ይህችን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምትባለውን በ1982 እ.ኤ.አ. አሳድገው ለዓለም አስታወቁ ፤ ስለዚህም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ማርሻል ቃሉን ለማስረዳት ነፍሳቲቱን በውኃ በጥብጦ ጠጥቶ ራሱ ታመመ። እንግዲህ ይህ ሕመም ተመርምሮ በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ዓመት እስከ ዓመት አልጫ እየበሉ መሠቃየት አይገባም። በደብረ ሲና ተልባ ተቈልቶ ፥ ተወቅጦ ፥ በውኃ ተበጥብጦ ለነጂያችን ሰጡት ፤ ልጋጉ ሆዱን አለሰለሰለትና አመሰገነ። ተልባ ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው ፤ ብዙ ውኃ ሳይጠጡ ግን አይበላም ፥ ከመድኃኒት ጋርም በአንድ ጊዜ አይወሰድም ፤ ልጋጉ መድኃኒቱን ይይዘዋልና።

ስለ ሽሮ ከተነሣ ዘንድ ከሁሉ የከፋውን ሳንናገር አናልፍም። በደጋው ጥቍር መሬት ላይ ፥ በእነዋሪ በኩልም ፥ ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን የሚችል ፥ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚተርፍ በመሆኑ ለድሀ አባት የሚደርስ ነው ፤ ነገር ግን ለብዙ ሳምንት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ የአከርካሪን ጅማት ይጐዳል ፤ ሰውየው ትናንት ሲያርስ ውሎ ዛሬ ጕልበቱ ይታሰርና በምርኵዝ ይቀራል። አይድንም። በ1969 ዓ.ም. ግድም በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ተሰበረ ፤ ይበልጡንም ጐልማሶች ነበሩ። በቂጣ ፥ በንፍሮ ፥ በእሸቱም ይበላል ፤ ዋጋው ስለሚረክስም ከገበያ በሚገዛ ሽሮ ውስጥ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ጓያውን በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ፥ ከጤፍ ወይም ከሌላ ብርዕ እህል ጋር መደባለቅና ብቻውን የዘወትር ምግብ አለማድረግ ነው። በክፉ ዘመን ሌላ የሌለው ሰው ይህን ምክር እንዴት እንደሚፈጽም መንግሥትና ባለጸጋ ሊያስቡበት ይገባል ፤ ዘፍዝፎ መድፊያ ውኃ እንኳ በሌለበት አገር ምክር ብቻውን አይበላም።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነበር። በዚህ አገር የሚታየው ማሽላ ፥ በቈሎ ፥ ሽንኵርትና ማሾ ነው። ጥራጥሬው ቶሎ ይበስላል ፤ ነገር ግን የበሰለውም ቶሎ ይበላሻል ፤ በደብረ ብርሃን እስከ ማግሥት የሚቈየው ወጥ በዚህ ከምሳ እስከ እራት አይታመንም። ስለዚህ የቆላ ሰው ከሚያዘወትረው ሕመም ዋናው ተቅማጥ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ምግብና ውኃ መከልከል የቆየ ስሕተት ነው ፤ ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነውና። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ሲገኝ እርሱን ማጠጣት ይሻላል ፤ እስኪገኝ ድረስ ግን በ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ጨው መብዛቱ ይጐዳልና በልኩ ይሁን። እናት ጡቷን አትከልክለው።

ዳኛው በመንገድ ሁሉ ጥያቄ ይጠይቁ የነበረው ስለ አብሽ ነበር። አብሽ የስኳር ሕመምን ይፈውሳል ብሎ አንድ ዘመዳቸው መድኃኒታቸውን እንዲተዉ መክሯቸው ኖሯል። አብሽ የደም ስኳርን ጥቂት እንደሚቀንስ ተመርምሮ ታውቋል ፤ በውኃ ደጋግሞ ታጥቦ መራራነቱ ሲወጣ መጠጡም ያምራል። ነገር ግን ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲደረብ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ለሐኪም ሳይናገሩ መጀመር አይገባም ፤ ስለ እርሱ ብሎ መድኃኒትን መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጾሙንም በሚመለከት የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ የሚፈቀድለት ነገር አለ። ዳኛው ግን «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ መዋል ለእኔ ጾም አይደለም ፥ ዕብሪት ነው» ብለው ከሁለት ዓመት በፊት ከአባታቸው ጋር እንደ ተስማሙ ነገሩን።

በሸዋ ሮቢት ያደርንበት ቤት እመቤት ወጣት ናት ፤ እርሷም የቤቷን ሥራ ለብቻዋ ትሠራለች። ሦስታችንም የምንበላው የተለያየ መሆኑን ብንነግራት አልደነገጠችም። የማሾ ክክ በሽንኵርትና በዝንጅብል ብቻ ፥ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ፥ በአንድ ትልቅ ድስት ሠራች። ሲበስል አስቀድማ የዳኛውን ድርሻ አወጣችና ሎሚ ጨመቀችበት ፤ ቀጥላም በድስቱ ውስጥ ጨው ጨምራ አማስላ የነጂውን አወጣች ፤ በመጨረሻም በቀረው ላይ ያበሰለችውን ቍሌት ገልብጣ ለእኛና ለራሷ ቀይ ወጥ አደረገችው። ጎመን በቤት ነበረ ፤ በሌላ ሳሕን አቅርባ ለነጂው ፊት ሳታደርገው በእኛ በኩል አስቀመጠችው።